ኢምፕላንት ወይስ ብሪጅ? መጀመሪያ ጎረቤት ጥርሶቻችሁን እዩ

አንድ ጥርስ የጎደለው ሰው ከኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በሚተከል ብሎን ላይ የሚቆም ጥርስ) እና ከብሪጅ (ግራና ቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ የሚያርፍ ጥርስ) ሲያማርጥ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው "የቱ ይረክሳል? የቱ ቶሎ ተሠርቶ ያልቃል?" ብሎ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ግን ቀድመው መምጣት የለባቸውም። ከነሱ በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው፦ ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች እንዴት ናቸው?

ይህን የምለው ሐኪም ሆኜ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የጥርስ ላብ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት፣ ነው የምሠራው። ሐኪሙ ክሊኒኩ ውስጥ ልክ ይወስዳል፣ ልኩ ወደኛ ይመጣል። እኛ ጀሶ አፍስሰን ሞዴሉን እናወጣለን፣ ክራውኑን (ጥርስ ላይ እንደ ቆብ የሚጠለቀውን ሽፋን) ወይም ብሪጁን ሠርተን እንመልሳለን። ታካሚውን ብዙ ጊዜ በዓይኔ አላየውም። የጥርሱን ቅርጽ ግን በማጉያ መነጽር ለሰዓታት አየዋለሁ። ምርመራውና ውሳኔው የእናንተና የሐኪማችሁ ነው። እኔ የማካፍላችሁ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ምን ማወቅ፣ ምንስ መጠየቅ እንዳለባችሁ ነው።

ጀሶው ደርቆ ከልኩ ሲላቀቅ ለብሪጅ የተሞረዱት ሁለት ጥርሶች ፍጥጥ ብለው ይወጣሉ። ጥርስ አይመስሉም። ጉቶ ነው የሚመስሉት። ክራውን እንዲገባበት ዙሪያውን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ የሚያላምጥበትን ፊት ደግሞ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሞረዳል። ቁጥሩ ሲሰማ ትንሽ ይመስላል። ግን ከድድ በላይ ከሚታየው የጥርሱ ክፍል ከግማሽ በላይ ሊሄድ ይችላል። የሄደውም ኢናሜሉ፣ ማለትም በሰውነታችን ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ነገር ነው። ተመልሶ አይበቅልም። ቀድሞ ተቦርቡሮ ግማሹ በሙሊት የቆመ ጥርስ ሲሞረድ ምንም አይመስለኝም። ምንም ያልነካው፣ ጤነኛ የሆነ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ጥርስ ተሞርዶ ሲመጣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያመኛል።

ሁለቱ እንዴት ይሠራሉ?

ብሪጅ በአብዛኛው ሦስት ጥርስ አንድ ላይ ተያይዞ የሚሠራ ነው። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ውስጣቸው ክፍት ነው፤ በተሞረዱት ጎረቤቶች ላይ ይጠለቃሉ። የመሃሉ ተንጠልጣይ ነው። ድዱን ነካ አድርጎ ይቀመጣል እንጂ ሥር የለውም። በማጣበቂያ ከተያዘ በኋላ ታካሚው ራሱ ሊያወልቀው አይችልም። እንግዲህ ሦስት ጥርስ ይሠራው የነበረውን ሥራ ከዚያ በኋላ የሁለት ጥርስ ሥር ይሸከመዋል ማለት ነው።

ኢምፕላንት የሚተካው ሥሩን ነው። አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ብሎን ነው። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 13፣ ውፍረቱ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በላዩ ላይ አባትመንት የሚባል ማያያዣ ይገባል። ከዚያ በላይ ክራውኑ ይቀመጣል። ጎረቤት ጥርሶች አይነኩም።

ብዙ ሰው "ብረት አጥንት ውስጥ ገብቶ እንዴት ይቆያል?" ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስዊድናዊው ሐኪም ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ በጥንቸል አጥንት ላይ ምርምር ሲያደርግ የተከለው የቲታኒየም መሣሪያ አልነቀልም አለው። አጥንቱ ተጣብቆበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ጎስታ ላርሰን ለሚባል ሰው በዚህ ዘዴ የመጀመሪያዎቹን የጥርስ ኢምፕላንቶች ተከለለት። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪሞት ድረስ በነሱ በላ። ስለዚህ ኢምፕላንት ትናንት የመጣ ሙከራ አይደለም። አገራችን ውስጥ በስፋት የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። ወላጆቻችን ጥርስ ሲጎድላቸው የሚያውቁት የሚወልቀውን ነው፤ ወይም ባለ ወርቅ ሽፋኑን።

ጎረቤቶቹን መመዘን

አሁን ወደ ዋናው እንመለስ። መስታወት ፊት ቁሙ፣ የስልካችሁን መብራት አብሩና ክፍተቱን ትታችሁ ግራና ቀኙን እዩ። ሙሊት አለው? ተሰንጥቋል? ቀለሙ ጠቁሯል? የነርቭ ሕክምና ተደርጎለታል? ድዱ ሸሽቶ ሥሩ ይታያል? በጣት ሲገፋ ይነቃነቃል?

ሁለቱም ጎረቤቶች ጤነኛና ያልተነኩ ከሆኑ ሚዛኑ ወደ ኢምፕላንት ያጋድላል። ሁለት ደህና ጥርስ ሞርዶ አንድ መተካት ውድ ልውውጥ ነው። የተሞረደ ጥርስ ውስጡ ያለው ነርቭ ሊደነግጥ ይችላል። ከ10 ዓመት በኋላ ከ10 የተሸፈኑ ጥርሶች አንዱ ያህል ነርቩ ሊሞት ይችላል። ያኔ ብሪጁ ተበስቶ ወይም ተነሥቶ የነርቭ ሕክምና ማድረግ ግድ ይሆናል።

ሁለቱም ጎረቤቶች ትልልቅ ሙሊት ያለባቸው ወይም የነርቭ ሕክምና የተደረገላቸው ከሆኑ ነገሩ ይገለበጣል። እነሱ ራሳቸው ክራውን ይፈልጋሉ። የተቦረቦረና ነርቩ የወጣለት መንጋጋ ክራውን ካልለበሰ አንድ ቀን ቆሎ ሲቆረጠም ለሁለት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሁለቱን ካለበሳችሁ አይቀር መሃሉን ጨምሮ በብሪጅ ማሠራት ብልህነት ነው። አክስቴ እንዲህ ነበረች። የታች መንጋጋ ጥርሷ ጎድሎ ነበር፤ ግራና ቀኙ ደግሞ በሙሊት የቆመ። እሷ ከቴሌቪዥን የሰማችውን ይዛ "ኢምፕላንት ካልሆነ" ብላ ነበር። ሐኪሟ ራጁን አሳይቶ ብሪጅ መከራት። እኔም ሞዴሉን ሳይ ያው ነው ያልኩት። ብሪጇን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ጥብስ ትበላበታለች።

ጎረቤቱ የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ብሪጅ አይታሰብም። ራሱን ያልቻለ ጥርስ ሌላ ሊሸከም አይችልም። መጀመሪያ ድዱ ይታከም።

ስለ ዕድሜያቸውስ? ጥናቶች ሲደመሩ የሚሰጡት ግምት ከ10 ዓመት በኋላ ከ10 ብሪጅ 9 ያህሉ አፍ ውስጥ እንዳለ ነው። ኢምፕላንት ደግሞ ከ100 ወደ 95 ገደማ። በቁጥር ብቻ ካየነው ልዩነቱ የሚያጣላ አይደለም። የሚለያዩት ሲበላሹ ነው። ብሪጅ በአብዛኛው የሚበላሸው ከሽፋኑ ጠርዝ ሥር ያለው ጥርስ ተቦርቡሮ ነው። ያኔ የሚጠፋው ብሪጁ ብቻ አይደለም። ተሸካሚውም አብሮ ሊነቀል ይችላል፤ አንድ ጥርስ ጎድሎ የነበረው ሰው ሁለት ጎደለው ማለት ነው። ኢምፕላንት ሲበላሽ ዙሪያውን ያለውን አጥንት ይጎዳል፣ ጎረቤቱን ግን ብዙ ጊዜ ይተወዋል። ለወጣት ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ገና ሃምሳ ዓመት የሚያላምጥበት ጊዜ አለው።

አጥንት አለ ወይ?

ኢምፕላንት ያለ አጥንት አይሆንም። አጥንት ደግሞ አይጠብቅም። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የዚያ ቦታ አጥንት ስፋት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። አብዛኛው የሚሟሟው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ስለዚህ ጥርስ ሊነቀልላችሁ ቀጠሮ ይዛችሁ ከሆነ አሁኑኑ ጠይቁ፦ "በኋላ ኢምፕላንት ላስተክል ብፈልግ አሁን ምን ይደረግ?" ብላችሁ። ከመነቀሉ ጋር ጉድጓዱ ውስጥ የአጥንት ዱቄት መሙላት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ዘንድሮ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቀዶ ሕክምና ሊያስቀርላችሁ ይችላል።

ጥርሱ ከጎደለ ዓመታት ያለፉት ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ግን ተራ ራጅ አይበቃውም። ተራው ራጅ የአጥንቱን ቁመት እንጂ ስፋቱን አያሳይም። የመንጋጋ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ታች መንጋጋ ላይ አጥንቱ ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው እሱ ነው። ብሎኑ ከሱ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። ላይ መንጋጋ ላይ ደግሞ ከጉንጭ አጥንት ጀርባ ያለው የአየር ክፍተት፣ ሳይነሱ፣ ወርዶ ይገኛል፤ አንዳንዴ ወለሉን ከፍ አድርጎ አጥንት መሙላት ይጠይቃል። ሲቲ ሳይታይ "ይሆናል፣ ነገ ና" ከተባላችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ። ይህን ስል ቅንጣት አላመነታም።

ብሪጅ አጥንት አይጠይቅም። ግን ከሥሩ ያለው አጥንት መሟሟቱን አያቆምም። በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው። የፊት ጥርስ ብሪጅ ሲገባ ተንጠልጣዩ ጥርስ ድዱ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ ድዱ ይሸሽና በመሃል ክፍተት ይፈጠራል። ሲስቁ ጥቁር ጥላ ይታያል፤ ሲናገሩ አየር ያፏጫል። ለዚህም ነው ጥርስ ከተነቀለ በሳምንቱ ቋሚ ብሪጅ የማይሠራው። ድዱ እስኪረጋ ጊዜያዊ ይደረጋል።

የሰውነታችሁ ነገር

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢምፕላንት አይከለከልም። ስኳሩ ካልተስተካከለ ግን ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ አጥንቱም ብሎኑን በደንብ አይዝም። ከመሄዳችሁ በፊት የሦስት ወሩን አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየውን ምርመራ አሠርታችሁ ውጤቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ለአጥንት መሳሳት እንደ አሌንድሮኔት ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ወይም ለካንሰር የአጥንት መድኃኒት በደም ሥር የወሰዱ ሰዎች ከመነቀልም ከመተከልም በፊት የግድ ይናገሩ። መንጋጋ አጥንት የማይድንበት አደጋ አለ። ፊትና አንገት ላይ የጨረር ሕክምና የተደረገለትም እንዲሁ። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ። ከልብ ሐኪሙና ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ሲጋራ የኢምፕላንት ጠላት ነው። የድዱን ደም ዝውውር ያዳክማል፤ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ የመውደቅ ዕድሉ ይጨምራል። ጫትስ? ጫት አንድ ጉንጭ ውስጥ ለሰዓታት ተጠቅጥቆ ይቀመጣል። አፍ ይደርቃል፤ ምራቅ ሲቀንስ ጥርስ ይቦረቦራል። አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና የሚቃመው ስኳር ይጨመርበት። በሚቃምበት ጎን ድዱ ሸሽቶ የሚመጣ ሞዴል ሞልቶኛል። በዚያ ጎን ብሪጅ ብታስገቡ የብሪጁ ጠርዝ ቶሎ ይጋለጣል፤ ኢምፕላንት ብታስተክሉ ዙሪያው ይቆስላል። ለሁለቱም መፍትሔው ያው ነው። ለመተው ካሰባችሁ ከሕክምናው በፊት ይሁን። ቢያንስ ለሐኪሙ አትደብቁት።

ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰውም አለ። ራሱ አያውቀውም፤ አጠገቡ የሚተኛ ሰው ነው የሚነግረው። የተፈጥሮ ጥርስ በሥሩ ዙሪያ ቀጭን ጅማት አለው፤ ሲጫነው ይሰማዋል፣ ይለግማል። ኢምፕላንት ይህ ጅማት የለውም። አጥንት ላይ ተተክሏል፤ ስንት ኃይል እያረፈበት እንደሆነ በደንብ አይነግራችሁም። ስለዚህ ፖርሴሊኑ፣ ማለትም ክራውኑ የተሠራበት የሸክላ ዓይነት ነገር፣ ይሰበራል ወይም ክራውኑን ያሰረው ብሎን ይላላል። የምታፋጩ ከሆነ ማታ የሚደረግ የፕላስቲክ መከላከያ ከመጀመሪያው አሠሩ።

ልጆች ላይ ደግሞ ኢምፕላንት አይተከልም። መንጋጋ እያደገ ሳለ ኢምፕላንቱ ባለበት ይቆማል፤ ጎረቤቶቹ ወርደው እሱ አጥሮ ይቀራል። አሥራዎቹ መጨረሻ እስኪያልፉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠበቃል። የሰፈራችን አንድ ልጅ ኳስ ሲጫወት በክርን ተመትቶ የፊት ጥርሱ ወጣ። ለሱ የሠራነው ጎረቤቱን ሳይሞርዱ ከጀርባው በቀጭን ክንፍ የሚለጠፍ ብሪጅ ነው። ሜሪላንድ ብሪጅ ይሉታል። ለፊት ጥርስ ይሆናል፣ ጤነኛውን ጥርስ አይጎዳም፣ ዕድሜው ሲደርስ ኢምፕላንቱን መወሰን ይችላል። ብዙ ሰው ይህ ምርጫ መኖሩን ስለማያውቅ አይጠይቅም። የፊት ጥርስ ጎድሏችሁ ጎረቤቶቹ ጤነኛ ከሆኑ፣ ትልቅ ሰውም ብትሆኑ፣ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

የዕረፍት ጊዜ አይወስንላችሁ

በየዓመቱ ክረምት ላይ ላባችን ይጨናነቃል። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከገልፍ አገሮች የሚመጡ ወገኖቻችን ጥርሳቸውን እዚህ ያሠራሉ። የውጭው ዋጋ ይታወቃል። ችግሩ ጊዜው ነው። ሦስት ሳምንት ይዘው ይመጣሉ። ብሪጅ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ያልቃል። ኢምፕላንት ግን አጥንት እስኪይዘው ታች መንጋጋ ላይ ወደ 3 ወር፣ ላይ መንጋጋ ላይ ከ4 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። ስለዚህ ብሪጁ ያሸንፋል። የጥርሱ ሁኔታ ሳይሆን የአውሮፕላን ትኬቱ ወሰነ ማለት ነው። በነሐሴ ወር ወደኛ ከሚመጡ ብሪጆች ብዙዎቹ በጤነኛ ጥርስ ላይ የተሞረዱ ናቸው፤ ይህን ነው ልናስቀረው የምንችለው።

መላ አለው። በሐምሌ ብሎኑን አስተክላችሁ በገና ወይም በጥምቀት ስትመጡ ክራውኑን ማድረግ ትችላላችሁ። በመሃል ያለው ስድስት ወር ለአጥንቱ ልክ ነው። በዓመት ሁለቴ መምጣት የማትችሉስ? ድድ ሥር ተሸፍኖ የተተከለ ኢምፕላንት ጊዜው ቢረዝም አይበላሽም። በኮንትራት ገልፍ የምትሠራ እህት በአንዱ ዕረፍቷ አስተክላ በሚቀጥለው ክራውኑን ልታደርግ ትችላለች። በመሃል ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ እንዳይጋደሉ የሚወልቅ ጊዜያዊ ጥርስ ታድርግ። ከመሄዷ በፊት ደግሞ ስፌቱ ተነሥቶ ቁስሉ መዳኑ ይታይላት። ነገ በረራ ይዞ ዛሬ መተከል አይመከርም።

ዋጋውን በትክክል ለማወዳደር

ኢምፕላንት ውድ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ብሎኑ፣ አባትመንቱ፣ መትከያ መሣሪያው ሁሉ ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የኛም የዕቃ ዋጋ ንሯል። የፖርሴሊን ዱቄትና ክራውን የሚፈለፈልበት ጠንካራው የዚርኮኒያ ብሎክ እንኳ አልቀረም።

ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ብሪጅ በአንድ ጥርስ ዋጋ አይሰላም። ሦስት ክራውን ነው፣ በሦስት ይባዛል። ሰው የአንዱን ክራውን ዋጋ ሰምቶ ከኢምፕላንቱ ጋር ያወዳድርና ልዩነቱ ሰማይና ምድር ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ኢምፕላንት ሲጠየቅ አንዳንዱ ክሊኒክ የሚናገረው የብሎኑን ዋጋ ብቻ ነው። አባትመንቱ ለብቻ፣ ክራውኑ ለብቻ፣ ሲቲው ለብቻ፣ አጥንት መሙላት ካስፈለገ እሱም ለብቻ ይመጣል። "ከመጀመሪያው ቀን ቆሎ እስክቆረጥም ድረስ ጠቅላላ ስንት ነው?" ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ገንዘቡ ከሌለስ? የሚወልቅ ጥርስ ለጊዜው ማድረግ ነውር የለውም። በችኮላ ከተሞረደ ጤነኛ ጥርስ ይሻላል። ሁለት ዓመት ቆጥቦ ኢምፕላንት ማስተከል ይቻላል። ሁለት ዓመት ቆጥቦ የተሞረደ ጥርስን መመለስ አይቻልም። ደግሞ ሁሉም ክፍተት መሞላት የለበትም። የመጨረሻው መንጋጋ ጎድሎ፣ ከላይ የሚገጥመውም ከሌለ፣ ማላመጥም ካልተቸገራችሁ፣ ሐኪሙ "ይተው" ቢላችሁ አትደንግጡ። የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ግን ሌላ ነው። እሱ በ6 ዓመት ገደማ ስለሚወጣ ወላጆች የወተት ጥርስ መስሏቸው ይዘናጉበታል፤ ቀድሞ የሚነቀለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እሱ ሲጎድል ጎረቤቶቹ ይጋደላሉ፣ የላይኛው ወደ ክፍተቱ ይወርዳል። ዓመታት ካለፉ ለኢምፕላንትም ለብሪጅም ቦታው ይጠባል።

ቀለሙ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የራሴ ሥራ ነውና። ቀለም የምንመርጥበት ሰሌዳ 16 ናሙና አለው፤ ከኤ1 እስከ ዲ4። ለብዙ ሰው ከነዚህ አንዱ ይበቃል። የስምጥ ሸለቆ ሰው ሲመጣ ግን ሰሌዳው አይሠራም። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ከውኃው ፍሎራይድ የተነሣ ጥርሱ ላይ ቡኒና ነጭ ዥንጉርጉር አለው። ለእንደዚህ ያለ ሰው አንድ ወጥ ነጭ ጥርስ ብትሠራለት ከሩቅ ይጮኻል። ስለዚህ መጀመሪያ መሠረቱን ጋግሬ አወጣለሁ። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ቡኒውን ቀለም በአግድም መስመር እነካካለሁ፣ ነጩን ነጠብጣብ ከጫፉ አጠገብ እጨምራለሁ፣ መልሼ ምድጃ አስገባለሁ። ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ከፎቶው ጋር አስተያያለሁ። ልክ ካልሆነ እንደገና። አንድ የፊት ጥርስ ግማሽ ቀን ሊፈጅብኝ ይችላል። ጎረቤቱ አጠገብ ሲቀመጥ የቱ የእኔ እንደሆነ ካልተለየ ደስታዬ ልክ የለውም።

ይህ እንዲሆን ከእናንተም የሚጠበቅ አለ። ቀለሙ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይመረጥ። ጥርስ አፍ ተከፍቶ ሲደርቅ ነጣ ይላል፤ በመጨረሻ የተመረጠ ቀለም ያሳስታል። ሊፕስቲክ ጥረጉ። ሐኪሙ የቀለሙን ናሙና ጥርሳችሁ አጠገብ ይዞ በስልክ ፎቶ እንዲያነሣና ለላቡ እንዲልክ ጠይቁት። ጥርስ ማስነጣት ካሰባችሁም ቀድሞ ይደረግ። ፖርሴሊን በኋላ አይነጣም።

ከወሰናችሁ በኋላ

ኢምፕላንት ከሆነ ክራውኑ በማጣበቂያ ሳይሆን በሌላ ትንሽ ብሎን እንዲታሰር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ቦታው ከፈቀደ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ማጣበቂያ ድድ ሥር ተርፎ ከቀረ ዙሪያውን ያቆስላል፤ በብሎን የታሰረው ደግሞ ችግር ሲኖር ሳይሰበር ይፈታል። ብሪጅ ከሆነ በቋሚ ማጣበቂያ ከመያዙ በፊት ነክሳችሁ ሞክሩ። ከፍ ያለ ከመሰላችሁ "ይለመዳል" የሚለውን አትቀበሉ። ይስተካከል።

ብሪጅ ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ ተራ የጥርስ ክር ከላይ አይገባም። ከተንጠልጣዩ ሥር ማለፍ የሚችል፣ ጫፉ ጠንከር ያለ ክር ወይም ትንሿ የመሃል ብሩሽ ያስፈልጋል። ፋርማሲ ስትጠይቁ ካጣችሁ ከሐኪማችሁ ውሰዱ። መፋቂያ ለፊቱ ጥሩ ነው፣ ከሥር ግን አይደርስም። የሥጋ ክር ከብሪጅ ሥር ሦስት ቀን ከሰነበተ ሽታው ይነግራችኋል፤ ጥርሱ መበስበስ የሚጀምረውም እዚያው ነው። ኢምፕላንት አይቦረቦርም፣ ድዱ ግን ይታመማል። ሲቦርሹ ደም ካየ ሰው ሳይዘገይ ይታይ። ሁለቱም በየስድስት ወሩ ጥርስ ማሳጠብ ይፈልጋሉ። ጠጠር ያለበት ቆሎ፣ በረዶ መቆርጠም፣ በጥርስ የጠርሙስ ክዳን መክፈት ለሁለቱም ይቅር።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት ሳትይዙ ከክሊኒኩ አትውጡ። የኢምፕላንቱ ስም፣ ዲያሜትሩ፣ ርዝመቱ፣ የተተከለበት ቀንና በማሸጊያው ላይ ያለው ተለጣፊ ቁጥር የተጻፈበት ይሁን። የስዊሱ ስትራውማን፣ የኮሪያው ኦስቴም፣ ሌሎችም ብዙ አሉ፤ የአንዱ መፍቻና አባትመንት ብዙ ጊዜ ለሌላው አይገጥምም። ውጭ አገር ተክለው መጥተው እዚህ ክራውኑን ያሰረው ብሎን የላላባቸው ሰዎች ይገጥሙናል። ስሙን አያውቁም፤ የተከለላቸው ክሊኒክ ደግሞ ስልክ አያነሣም። ያኔ ራጁን እያየን ቅርጹን ለመገመት እንቀመጣለን። የአሥር ደቂቃ ሥራ የነበረው ሳምንታት ይፈጃል። ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አኑሩ፣ ለአንድ ቤተሰብም ላኩ። ብሪጅም ያሠራችሁ የተሠራበትን ዓይነት፣ ዚርኮኒያ ይሁን ብረት ያለው ፖርሴሊን፣ የቀለሙን ቁጥርም አጽፉ። ከዓመታት በኋላ አጠገቡ ሌላ ጥርስ ሲሠራ ያንን ቁጥር የሚፈልግ እንደኔ ያለ ሰው ይኖራል።